የቸኮለ እልልታ

ሦስተኛ ልጄን ስወልድ ከምጡም ከደሙም በላይ ያደከመኝ የሰው ምክር ነው። አራስ አልጋ ላይ ከተጋደመች ጆሮዋ የሕዝብ ይሆናል፤ የወለደችውም ያልወለደችውም ገብታ ትመክራታለች። ይህን ብዪ፣ ያን አትንኪ፣ በጎንሽ ተኚ፣ ተሸፈኚ፣ ብዙ አታውሪ፣ ደግሞ ምነው ዝም አልሽ። እኔ የፈለግሁት መተኛት ብቻ ነበር። እሱን ማንም አልመከረኝም።

የምንኖረው ዶካ ነው፤ ከገላባት ወደ ገዳሪፍ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች የገበያ ከተማ ናት። በመተማ በኩል ተሻግሬ ከመጣሁ ወዲህ መኪና ማቆሚያው ዳር ሻይ አፈላለሁ። ባሌ ትራክተር ነጂ ነው። ሱዳኖች ኸሪፍ የሚሉት የዝናብ ወቅት ሲገባ እሱ ሰሊጥ እርሻው ላይ ይከርማል። እዚያ ስልክ አይሠራም፤ መሬቱም ጥቁር ጭቃ ይሆንና የገባ መኪና እንደገባ ይቀራል። ልጅቱ ለመምጣት የመረጠችው ይህንኑ ጊዜ ነው።

የመጀመሪያውን እናቴ ቤት ወለድሁ፤ ሁለተኛዋን ገዳሪፍ ሆስፒታል። ሦስተኛውንም እዚያው ብሄድ ደስ ይለኝ ነበር። ከጦርነቱ ወዲህ ግን ገዳሪፍ ከካርቱምና ከመዳኒ በሸሸ ሰው ሞልታለች፤ ሆስፒታሉ ውስጥ አልጋ ላይ ከተኛው አልጋ ሥር የተኛው ይበዛል ይባላል። ቢሆንም ልሂድ አልሁ። እትየ ሳቁብኝ። እትየ የምንላቸው የሰፈሩን ሐበሻ ሁሉ የሚያዋልዱ ባልቴት ናቸው፤ የደንቢያ ሴት፣ እጃቸው ሰፊ፣ ምላሳቸው ስለት።

"ወይ ጉድ! ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች!" አሉ። "ሁለት የወለደች ሴት ሦስተኛውን መንገድ ለመንገድ ይዛው ትዞራለች? ቁጭ በይ አንች።"

ያን ቀን ለክርክር አቅም አልነበረኝም፤ እሺ አልሁ።

ሌላዋ ሰው ከሣር አጥሩ ማዶ ያለችው ሱዳናዊት ጎረቤቴ ናት። ኻልቲ እላታለሁ፤ አክስቴ ማለት ነው። እሷም ያ ቢቲ፣ ልጄ ሆይ፣ ትለኛለች። ገበያ ላይ እኔ ሻይ እሷ የተቆላ ለውዝ ይዘን ጎን ለጎን እንቀመጣለን። ድምፅዋ ትልቅ ነው። በሹክሹክታ ሰው ስታማ እንኳ የታማው ሰው ዞር ብሎ ያያል። ቅር የሚሰኝባት ግን የለም፤ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ለእሷ ነው።

ምጡ የያዘኝ ከቀትር በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ነው። እትየና ሁለት የሰፈር ሴቶች መጡ። ኻልቲም ሳትጠራ መጣችና ከኋላዬ ተቀምጣ ጀርባዬን ደገፈችኝ። የእኛዎቹ "ማርያም፣ ማርያም" ይላሉ፤ እሷ "ያ ረብ፣ ያ ረብ" ትላለች። መሃል ላይ እኔ አለሁ። ልጅቱ ብዙ አላስቸገረችም፤ ዝናቡ ሳያባራ ወጣች፤ አለቀሰችም።

ኻልቲ "ቢት ሰምሓ፣ ማሻአላህ!" አለችና፣ ቆንጆ ልጅ ማለቷ ነው፣ ባለ በሌለ ኃይሏ እልልታዋን ለቀቀችው።

እትየ ልጅቱን እንደያዙ ዓይናቸውን ኻልቲ ላይ ተከሉ። አንዷ ሴት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

በእኛ አገር ልጅ ተወለደ ተብሎ ወዲያው እልል አይባልም። የእንግዴ ልጁ ተከትሎ እስኪወጣ ድረስ ሰው አፉን ይዞ ይጠብቃል። ድምፅ ከሰማ ይደነግጣል፣ ተመልሶ ወደ ላይ ይሸሻል ይባላል። እሱ ሲወጣ ነው ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት እልልታ የሚወርደው። ይህን ኻልቲ ከየት ታውቀዋለች? በእነሱ ዘንድ ደስታ ቀጠሮ አይሰጠውም። ሰዎቹ ምነው ዘጉኝ ብላ አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ከዚያ ቶቧን፣ ያን ሱዳኖች የሚጠቀለሉበትን ሰፊ ልብስ፣ አፏ ላይ ሳበች።

እንደ ፈሩትም ሆነ፤ የእንግዴ ልጁ አልመጣም። ባዶ ጠርሙስ ሰጡኝና ንፊ አሉኝ፤ ነፋሁ። ሆዴን በቅቤ አሹኝ፤ አስነሥተው አስጎነበሱኝ። ልጅቱን እቅፍ አድርጌ ጋደም ማለት ሲያምረኝ እኔ እንደ ልጅ ጠርሙስ እነፋለሁ። ሊመሽ ሲል እትየ ትዕግሥታቸው አለቀና እጃቸውን ሰደው ሳቡት። ዓይኔ ጨለመ። "ወጣ! ተመስገን!" ሲሉ ብቻ ሰማሁ። የእንግዴ ልጅ እያገላበጡ አይታይም፤ ነውር ነው። በጨርቅ ቶሎ ጠቅልለው ከውሃው ጋን አጠገብ ቆፍረው ቀበሩት። ከዚያ ሦስቷን እልልታ አሏት፤ እነሱም ደክሟቸው ስለነበር እልልታዋ ቀጠን ያለች ነበረች። ኻልቲ አፏን እንደሸፈነች ወጥታ ሄደች።

"እንኳን ማርያም ማረችሽ" አሉኝ ሁሉም በየተራ። እኔ ግን ገና ያላለቀ ነገር እንዳለ ሆዴ ነግሮኝ ነበር። ሆድ ሲናገር ማን ይሰማል፤ ያ ሁሉ መካሪ ባለበት ቤት።

ደሙ አልቆም አለ። መጀመሪያ የወላድ ወጉ ነው አልን። ቀጥሎ ብርድ ብርድ አለኝ፤ በዚያ እንፋሎት በሆነ የዶካ ሙቀት ጥርሴ ተንቀጫቀጨ። እትየ ግንባሬን ነኩና "ምች ነው" አሉ። ጎረቤት ሽንኩርት ሲቁላላ ሸትቶኛል፤ ደግሞ ለሽንት ስወጣ ራሴን አልተከናነብሁም። ምች የመታው ሰው መድኃኒቱ ዳማከሴ ነው። ዳማከሴ ደግሞ ዶካ ላይ አይበቅልም። ከገላባት በሚመጣ መኪና የደረቀ ቅጠል አስመጡና በውሃ አሽተው አፍንጫዬ ውስጥ ጨመቁልኝ፤ የቀረውን አጠጡኝ። በላዬ ላይ ብርድ ልብስ፣ በብርድ ልብሱ ላይ ጋቢ። ላብሽ ይውጣ ይሉኛል። ላቤ ወጣ፤ ትኩሳቱ ግን ቤት እንደሠራ ሰው አልነቃነቅ አለ።

ገንፎ ይመጣል፤ ሁለቴ ጎርሼ እመልሳለሁ። ጡቴ ተወጥሮ የነበረው እየሟሸሸ ሄደ። ልጅቱ ትስብና ታለቅሳለች። ሁለቱ ትልልቆቹ በር ላይ ቆመው ያዩኛል፤ ግቡ ለማለት እንኳ ክንዴን ማንሣት ሥራ ሆነብኝ። እዚያ ሆኜ ስለ ኻልቲ የሚባለውን እሰማለሁ። "አፏ ነው የጣለብን" ይላሉ። "እሷ ባትጮህ ይሄ ሁሉ ባልመጣ።" ተዉአት አልሁ፤ የሰማኝ የለም። አንድ ቀን ኻልቲ የበግ ሾርባ ሠርታ በር ድረስ ይዛ መጣች። እትየ ድስቱን ተቀብለው አመሰገኗትና ከጓሮ ደፉት። ሽታው እስከ አልጋዬ መጥቶ ነበር። ከዚያ ሁሉ ገንፎ በኋላ ያ ሾርባ ሲደፋ ከትኩሳቱ ይልቅ እሱ አስለቀሰኝ።

ከዚያ ወዲያ ኻልቲ ደጃችንን አልረገጠችም። ጠዋት ጠዋት ግን ለውዟን ይዛ ከመውጣቷ በፊት ከአጥሩ ማዶ ትጣራለች።

"ያ ቢቲ! ከይፍክ?"

"ተማም" እላለሁ። ደህና ነኝ ማለት ነው። ደህና አይደለሁም፤ ግን በዚያ አገር ከይፍክ ላለሽ ሰው መልሱ ያው ተማም ነው።

አንድ ጠዋት ጠራችኝ። ሰምቻታለሁ። ተማም ልል አፌን ከፈትሁ፤ ድምፅ የለም። ደግማ ጠራችኝ። እትየ ውጭ ልብስ ያሰጣሉ፤ ሊመልሱላት አልፈለጉም። ሦስተኛውን ስትጣራ ድምፅዋ ተለወጠ፤ ከዚያ የአጥሩ ሣር ሲሰበር ተሰማ። በበሩ አልዞረችም። አጥሩን በእግሯ ጥሳ፣ ቶቧ ላይ ገለባ ተሰክቶ፣ እቤት ገባች።

አልጋዬ ዘንድ ስትደርስ ቆመች። የነበርሁበትን ሽታ እኔ ለምጄው ነበር፤ እትየም ለምደውት ነበር። እሷ ግን ከውጭ ነው የገባችው።

"ይህ የፀሐይ በሽታ አይደለም" አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ትንሽ ነበር። "ይህን ሽታ አውቀዋለሁ። እህቴን ከዚህ ሽታ ጋር ነው የቀበርኋት። የዚችም ውስጥ የቀረ ነገር አለ።"

እትየ ተከትለዋት ገብተው ነበር። "አንች ደግሞ! ያኔ በጩኸትሽ፣ ዛሬ ደግሞ በሟርትሽ?" አሉ። ንግግራቸውን ግን አልጨረሱትም። መጥተው ብርድ ልብሱን ገለጡና ሆዴን ጫን አደረጉት፤ ጮህሁ። እጃቸውን አነሡ፤ እጃቸውንም አዩት። እትየ ልክ ሳይሆኑ ነው የሚናገሩት፤ እውነቱ ሲገባቸው ዝም ይላሉ። ያን ጊዜ ዝም አሉ። እኔም በዚያ ዝምታ ነው መሞቴ እንደሆነ ያወቅሁት።

ሞትን ፈራሁ ብል ውሸት ነው፤ ፍርሃትም አቅም ይፈልጋል። በር ላይ የቆሙትን ሁለቱን አየሁ፤ አጠገቤ በጨርቅ የተጠቀለለችውን አየሁ። እነዚህን ማን ያበላል? አባታቸው ትራክተር ያስነሣል እንጂ የልጅ ፀጉር ማበጠር አያውቅም። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

አራስ ክርስትና ሳይነሣ ከቤት አትወጣም። ይህን ደንብ ለሰው ሁሉ የሚያስተምሩት እትየ ራሳቸው ናቸው። ያን ቀን ግን ነጠላቸውን አውልቀው እኔን አከናነቡኝ፤ ከትራሴ ሥር ያስቀመጡትን ቢላዋ አወጡ። የአራስ ራስጌ ብረት አይታጣም፤ ክፉ መንፈስ እንዳይቀርባት ነው። ቢላዋውን ለኻልቲ ሰጧት።

"እኔ ልጆቹን እይዛለሁ። አንች ቋንቋቸውን ታውቂያለሽ፣ ሂጅ" አሏት፤ በእጅም በቃልም። "ይሄን ከራስጌዋ እንዳትለይው።"

ኻልቲ ለምን ብላ አልጠየቀችም። ቶቧ ውስጥ ደበቀችው።

ከቤታችን እስከ አስፋልቱ ባለው ጭቃ ረክሻ፣ የእኛው ባጃጅ፣ አይገባም። ለአረም የመጡ የአገር ልጆች ዝናቡ እስኪያባራ ገበያው ጥላ ሥር ይተኙ ነበር። ከእነሱ አራቱ መጥተው በገመድ ከተጠለፈው አልጋዬ ጋር አነሡኝ። በየእርምጃው እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ይሰምጣል፤ አንዱ ሲያዳልጠው ሌላው ይሳደባል፤ ወዲያው ደግሞ "እታለም፣ አይዞሽ" ይለኛል። ስማቸውን ዛሬም አላውቅም። አስፋልቱ ላይ ኋላው ክፍት የሆነ መኪና፣ ቦክስ የሚሉት፣ ቆሞልን ነበር። ኻልቲ ልጅቱን ታቅፋ፣ ራሴን ጭኗ ላይ አደረገች።

መንገድ ላይ ኬላ አለ። በጦርነቱ ጊዜ ሐበሻ የጫነ መኪና ሳይፈተሽ አያልፍም። ወታደሩ ኻልቲን ውረጂ ሲላት ቢላዋው ከቶቧ ወድቆ ቂው አለ።

"ይህ ምንድነው?"

"የሐበሾች መድኃኒት ነው" አለችው።

"ሽንኩርት መክተፊያ ነው እንጂ የምን መድኃኒት!"

"እኔ ምን አውቃለሁ? ከራስጌዋ አይለይ ተብያለሁ፤ አይለይም። አንተን የወለደችህ ሴት አይደለችም?"

ወታደሩ ሊቆጣ ወደ እኔ ጎንበስ አለ። ያ ሽታ አፍንጫው ውስጥ ሲገባ ፊቱ ላይ አየሁት። ቢላዋውን አንሥቶ በሁለት ጣቱ መለሰላትና ለሹፌሩ እለፍ አለው።

ሆስፒታሉ የተባለው ሁሉ እውነት ነበር። ኮሪደሩ ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ ሰው በሰው ላይ ነው። የእርግዝና መመልከቻ መሣሪያው መብራት ይፈልጋል፤ መብራት ሄዷል፤ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ጠብቁ አሉን። ልጅቱ ታለቅሳለች። አጠገባችን የተቀመጠችው ሴት ከመዳኒ ሸሽታ የመጣች ናት፤ የራሷ ልጅ መንገድ ላይ ተወልዶ መንገድ ላይ ሞቶባታል። ይህን ለኻልቲ ስትነግራት ፊቷ አልተለወጠም፤ ልብሷ ደረቱ ላይ በወተት ርሷል። ማንንም ሳትጠይቅ ልጄን ከኻልቲ እጅ ወሰደችና ጡቷን ሰጠቻት። ልጄ ዝም አለች። ሴትየዋ ግድግዳውን ደገፍ ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

ሐኪሙ ገና ወጣት ነው፤ እሱም ከካርቱም የተፈናቀለ መሆኑን ኋላ ሰማሁ። ዓይኑ ከእኔ ዓይን ይበልጥ የደከመ ነበር። ጄኔሬተሩ ሲነሣ መሣሪያውን ሆዴ ላይ አዙሮ አየና ጠየቀኝ።

"የእንግዴ ልጁ ሙሉውን ወጥቶ ነበር? ማን አየው?"

"ማንም" አልሁት። "ተቀብሯል።"

ይህን ጊዜ ኻልቲ እንባዋ ገነፈለ። የሚሏትን ሁሉ ከአጥሩ ማዶ ሰምታ እስከዚያ ቀን ይዛው ኖራለች።

"ዶክተር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሳይወጣ እልል አልሁ። ደንግጦ ተመለሰ።"

ሐኪሙ እየጻፈ የነበረውን ተወ። ሊስቅ ነው ብዬ ነበር፤ አልሳቀም።

"ኻልቲ፣ የእንግዴ ልጅ ጆሮ የለውም" አላት።

"የእኛ የለውም ይሆናል" አለች ቶቧን አፍንጫዋ ላይ እያበሰች፤ "የሐበሻ ግን ይሰማል።"

ያኔ ሳቅ መጣብኝ። መሳቁ ሆዴን ሲያመኝ አለቀስሁ። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሮ በቀስታ ነገረኝ፤ ሲሳብ ተቆርጦ የቀረ ቁራጭ አለ፤ እሱ በስብሶ ነው ትኩሳቱን ያመጣው፤ ያወጣዋል። ደሙ ካልቆመ ማህፀኔንም ያወጣዋል። "እሱም ካልሆነ" አለና ሳይጨርሰው ተነሣ። ማህፀኔ ይውጣ፤ ሦስት ይበቃኛል፤ ብቻ ወደ ልጆቼ መልሰኝ አልሁት። ይህን በአማርኛ እንዳልሁት የገባኝ ኻልቲ ስትተረጉምልኝ ነው። ገበያ ላይ ስትቀመጥ አማርኛ አልችልም የምትል ሴት ናት።

ውስጥ የሆነውን ብዙ አልናገርም። ማደንዘዣው ጥቂት ነበር። ደም ተሰቅሎልኝ ነበር፤ የማን ደም እንደሆነ አላውቅም፤ የሱዳን ሰው ደም መሆኑን ግን አውቃለሁ። ቢላዋውን ነርሷ አላስገባም ስላለች ኻልቲ በሩ ሥር ደፉ ላይ አስቀምጣው ነበር። እኔ ጣሪያው ላይ ያለችውን አንዲት የተቃጠለች አምፖል እያየሁ የትልቋን ሴት ልጄን ፀጉር በሐሳቤ እሠራለሁ፤ ስጨርስ ፈትቼ እንደገና እሠራለሁ።

አልጋዬን እየገፉ ሲያወጡኝ ኻልቲ ልጅቱን ታቅፋ በሩ ላይ ተገትራ ነበር። ወደ እኔ አልመጣችም። ሐኪሙን ነው የያዘችው፤ እጅጌውን።

"ኩሉ መረግ?" አለችው። ሁሉም ወጣ?

"ወጣ፣ ኻልቲ። ደሙም ቆሟል። ማህፀኗም ደህና ነው።"

"ኩሉ ኩሉ? በዓይንህ አይተኸዋል?"

"በዓይኔ አይቼዋለሁ። ምንም አልቀረም።"

እጅጌውን ለቀቀችው። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ ጎንበስ አለች። ያ ትልቅ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ፤ በጆሮዬ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ።

"አሁን ይቻላል?"

ድምፅ አልነበረኝም፤ ራሴን ዝቅ አድርጌ አዎ አልኋት።

ቀና ብላ እልልታዋን ለቀቀችው፤ ያን ቀን ግማሹን ውጣው የሄደችውን ጭምር። ኮሪደሩ ላይ የተኛው ሰው ሁሉ ቀና አለ። ማን እንደ ወለደ፣ ማን እንደ ዳነ የጠየቀ የለም፤ ከምንጣፉ ላይ አንዷ ተቀበለቻት፣ ከበሩ ወዲያ ሌላዋ። የመዳኒዋ ሴት መጀመሪያ ዝም ብላ ታየን ነበር፤ ከዚያ ደረቷን በእጇ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እሷም እልል አለች። ለሴት ልጅ ደንቡ ሦስት ነው። ኻልቲ ስንት እንደሚባል የነገራት ሰው ስላልነበረ ዝም ብላ ቀጠለች። ስንተኛው ላይ እንደሆነ አላውቅም፤ እንቅልፍ ወሰደኝ።